አርባ ቀን ከጨሞጋ ወዲህ

ያለምወርቅ ደምለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው አባቷን ሲሰድብ ነው።

ሰኔ 1959 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ቀን ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ የጁቤ ሲወርዱ፣ የጨሞጋን ወንዝ ተሻግሮ የገበያ ሜዳ አለ። ከዋርካው ሥር ነጭ ጋወን የለበሰ ቀጭን ወጣት የመድኃኒት ሳጥኑን ከፍቶ፣ የተሰለፈውን ሰው ዓይን እየገለጠ ቅባት ይቀባል። ከከተማው ጤና ጣቢያ በየማክሰኞው እንዲመጣ አዲስ የተመደበ ድሬሰር ነው። እጁ ጎበዝ ነበር፤ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል።

«እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ሥር ወቅጦ በመጠጣት አይድንም!» ይላል። «አርባ ቀን ወንዝ አትሻገር ማለትማ ተረት ነው! ወንዝ ምን ያደርጋል? ወንዝ ውሃ ነው!»

ከሕዝቡ አንዳንዱ አማተበ። ከሰልፉ ፊት የቆሙ አንዲት ባልቴት ክንዱን ጎሸም አደረጉት።

«ልጃቸው ከኋላህ ናት» አሉት በሹክሹክታ።

«የማን ልጅ?»

«የመሪጌታ እንዳላማው ነዋ! የመድኃኒተኛው!»

ደምለው ዞረ። አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ፣ ደብረ ማርቆስ ካለው የአክስቷ ቤት ገና መመለሷ ነው። ዓይኗን ሲያይ የቅባቱን ነገር ረሳው፤ ቅባቱ ከበሽተኛው ዓይን አልፎ አፍንጫው ላይ አረፈ።

«ይጨርሱ እንጂ» አለችው። «ወንዝ ውሃ ነው እያሉ ነበር።»

«እ... እኔ እኮ በጠቅላላው ለማለት ነው።»

«በጠቅላላው አባቴን ነው የሰደቡት።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የተናደደች መስላ ሄደች እንጂ አልተናደደችም፤ ፈርታ ነው። ይህ ሰው በአደባባይ የጮኸው ነገር እሷ ለራሷ እንኳ በሹክሹክታ ለመናገር የምትፈራው ነበረና።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ እንዳላማው ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ አገር የሚያውቃቸው ግን በእብድ ውሻ መድኃኒታቸው ነው። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይከዳዋል፤ ይሞታል። ያለምወርቅ ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷን እብድ ውሻ ነከሳት፤ መድኃኒቱን ጠጣች። አርባው ቀን ሳይሞላ ልጅቷ ማርቆስ አክስቷ ቤት ሄዳ በትኩሳት ወደቀች። እናት አልቻለችም። ጨሞጋን ተሻግራ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ አመጣች ይባላል። በአምስተኛው ቀን ውሃ ስታይ መጮህ ጀመረች፤ ከዚያም ሞተች። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ይህ ነው።

ያለምወርቅ ያንን ጀርባ ታስታውሰዋለች። ትኩሳቱን፣ የጋቢውን ሙቀት፣ ከሥር የሚጮኸውን ውሃ። ስለዚህ ትምህርት ቤት በሄደች ቁጥር ጨሞጋን የምትሻገረው ዓይኗን ጨፍና ነው። «እናቴን የገደልኋት እኔ ነኝ» ትላለች በልቧ። እና አሁን አንድ ቀጭን ድሬሰር መጥቶ ወንዝ ውሃ ነው ይላል!

በሚቀጥለው ማክሰኞ እግሯ ወደ ዋርካው ወሰዳት።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ስፈልግሽ ነበር» አላት ደምለው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

«ይቅርታውን ይተዉትና መርፌው እንዴት እንደሚቀቀል ያሳዩኝ።»

«ለምን?»

«ዶክተር መሆን ስለምፈልግ።»

አልሳቀባትም። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፤ ቢስቅባት ኖሮ ታሪካችን እዚህ ላይ ባለቀ።

«ታዲያ አዲስ አበባ ልትቀሪ ነዋ» አላት ፕሪሙሱን እየለኮሰ።

«የለም። እዚሁ ነው የምቀመጠው። ከወንዙ ወዲህ።»

«እዚህ ምን አለ?»

«ሰው አለ!» አለችው። «አምና ክረምት ጎረቤታችን ጥሩብርሃን ምጥ ጠናባት። በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት፤ ወንዙ ሞልቷል። ሁለት ቀን ጠበቁ። የጤና ጣቢያችሁ ቆርቆሮ ከዚያ ሆኖ ይታያል... እያየችው ሞተች።»

ደምለው ቀና ብሎ ወደ ማርቆስ ተመለከተ። እውነትም ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። በሦስተኛው ማክሰኞ የሥልጠና ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣላት። «ሁለት ዓመት የተማርሁት እዚህ ውስጥ ነው» አላት። «ከኔ የተሻለ ታውቂበታለሽ።»

በአራተኛው ማክሰኞ ሰልፉ አልቆ፣ ሳጥኑ ተዘግቶ፣ ዝናቡ መጥቶ እሱ ግን አልሄደም። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ «በይ ደህና ሁኚ» ብሎ ዘጋው። ያን ያህል የሚለፈልፍ አፍ!

አምስተኛው ማክሰኞ ሐምሌ አራት ነበረ።

ያለምወርቅ ፕሪሙሱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ መርፌ ትቀቅላለች። በድንገት ገበያው ተተራመሰ። «እብድ ውሻ! እብድ ውሻ!» ቀና ስትል ውሻው ፊት ለፊቷ ነው። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጉጧል፤ ለሃጩ መሬት ይነካል፤ ዓይኑ ምንም አያይም። መነሣት አቃታት።

ነጭ ጋወን በመካከላቸው ገባ። ደምለው በሳጥኑ መታው፤ ውሻው ግን ከሳጥኑ ሥር ዞሮ ባቱን ያዘው። ሰዎች በዱላ ደርሰው እስኪገድሉት ድረስ አልለቀቀውም።

«ነከሰህ! ነከሰህ እኮ!» ጮኸች። «እርስዎ» የሚለው ቃል ያን ቀን ቀረ።

«ሳሙና» አለ ደምለው። ድምፁ ተረጋግቷል፤ ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል። «ሳሙናና ውሃ አምጪልኝ። ብዙ ውሃ።»

አጠበችለት። ደሙ ከሳሙናው አረፋ ጋር እየወረደ እጇ ይንቀጠቀጣል። «መርፌው አለ አይደል?» አለችው። «ደብተሩ ላይ አለ፤ ሆድ ላይ የሚወጋው፣ አሥራ አራት ቀን...»

«ማርቆስ የለም። ከአዲስ አበባ በቴሌግራም መጠየቅ አለበት።»

«መኪናው ሁሉ ደጀን ቆሟል ይላሉ! ዓባይ በረሃ መንገዱ ተንዷል!»

ቀና ብሎ አያት። ያን ዓይኑን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አትረሳውም።

ቴሌግራሙ እንዲላክ አንድ ገበያተኛ መልእክት ይዞ ወደ ከተማ ተሻገረ። ደምለውን ደግሞ ሰው ደግፎ ወደ መሪጌታ እንዳላማው ግቢ ወሰደው። መሪጌታ ወጥተው ቁስሉን አዩ፤ ከዚያም የሞተው ውሻ እንዲመጣላቸው አዘዙ። ውሻውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ፊታቸው ሲለወጥ ያየችው ያለምወርቅ ብቻ ናት።

መድኃኒቱን በቀንድ ዋንጫ አቀረቡለት። ደምለው ዋንጫውን አየና ራሱን ነቀነቀ። «የኔታ፣ አያስቀይሙኝ። እኔ መርፌውን እጠብቃለሁ።»

«ጠጣ!» አለች ያለምወርቅ።

«አንቺ? አንቺ ነሽ የምትይኝ?»

«በሞቴ ጠጣ! መርፌው ባይመጣስ? በኔ ምክንያት አንድ ሰው ሞቷል። ሁለተኛ አልችልም!»

ዶክተር ለመሆን የምትመኘው ልጅ ሥር የተወቀጠበት ዋንጫ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ ድሬሰር እንዲጠጣ እያለቀሰች ትለምናለች። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ የተማሩትን ሁሉ ያስረሳል። እሱም ቢሆን ፈርቷል። ጠጣው።

«አርባ ቀን ወንዝ አትሻገርም» አሉት መሪጌታ።

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«ተረት ነው ስትል ሰምቻለሁ» ብለው ትተውት ገቡ።

የበሽተኛ ጎጆ የሚባለው ከግቢው ጥግ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መድኃኒቱ ሲያስመልሰው ቆየ። በሦስተኛው ቀን ቀና አለ፤ ከዚያም የጠዋቱ ነገር ተጀመረ። ያለምወርቅ በየጠዋቱ ውሃ በጣሳ ይዛ ትገባለች። ውሃ ማየት ከጠላ፣ ጉሮሮው ከተዘጋ፣ አበቃ ማለት ነው። ቶሎ እንደማይጀምር ደብተሩ ይናገራል፤ ሁለቱም አንብበውታል፤ ሁለቱም ግን አላመኑትም። ጣሳውን ይቀበላታል። እጁን ታያለች። ጉሮሮውን ታያለች። ይጠጣል። ሁለቱም እኩል ይተነፍሳሉ።

«ዛሬም ጠጣሁ» ይላታል።

«ዛሬም ጠጣህ።»

በአምስተኛው ጠዋት ጣሳውን ሲመልስላት እጇን ያዘ። «ካበድሁ እሰሩኝ» አላት። «አንቺ ግን እንዳትቀርቢኝ። ማይልኝ።»

«ዝም በል!»

«ማይልኝ፣ ያለም።»

«እንግዲያው አንተም ሳታብድ ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«በየማክሰኞው ሳትናገረው የምትሄደውን ነዋ!»

ጆሮው ቀላ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል እንኳ ቀላ። «እወድሻለሁ» አለ። ፈርቶ ነው የተናገረው፤ ፈርታ ነው የሰማችው። በደስታ ልታለቅስ ይሁን በስጋት ሳታውቀው እንባዋ ወረደ።

በሰባተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከጨሞጋ ማዶ ጩኸት ተሰማ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ፈንታዬ ነው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ በሙሉ ድምፁ ይጣራል።

«መንገዱ ተከፈተ፤ መድኃኒቱ መጣ! ሰምታችኋል? መጣ! ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው፤ ከዚያ አይወጣም! አሥራ አራት ቀን ነው፤ ጤና መኮንኑ ዛሬውኑ ይምጣ ብለዋል! ዛሬውኑ!»

ደምለው ዱላ ይዞ፣ እያነከሰ ወደ ወንዙ ወረደ። ያለምወርቅ ሮጣ ቀደመችው። ጨሞጋ ጭቃ መስሎ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። በሁለቱም ዳር ሰው ተሰብስቧል። ጥሪውን ሁሉም ሰምቶታል፤ ሰባተኛው ቀን መሆኑንም ሁሉም ያውቃል።

መንገዱን ዘግታ ቆመች። «አትሻገርም!»

«ምን አልሽ?»

«አትሻገርም! ሠላሳ ሦስት ቀን ይቀርሃል!»

ደምለው እንደማያውቃት ሰው አያት። «መርፌው እዚያ ማዶ ነው። ማንበብ ትችያለሽ፤ ደብተሩን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አንቺ ነሽ ሐኪም እሆናለሁ ያልሽኝ?»

«አትሂድ፣ ደምለው... በማርያም!»

«ገባኝ» አለ። ፍርሃት አንደበትን ክፉ ያደርጋል። «ብሻገርና ብድን የአባትሽ ስም ይጠፋል። የሳቸው ስም ከሚሞት እኔ ብሞት ይሻላል። አይደለም?»

በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

«እናቴን የገደልኋት እኔ ነኝ» አለች። «መድኃኒቱን ጠጥታ ነበር። እኔ ታመምሁ። ልታመጣኝ ወንዙን ተሻገረች። በጀርባዋ አዝላኝ... ጀርባዋን አስታውሰዋለሁ እኮ! በኔ ምክንያት ሞተች። አሁን ደግሞ አንተን ውሻው የነከሰህ በኔ ነው። መድኃኒቱን ያጠጣሁህ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያሰርሁህ! ብትሻገርና ብትሞት...» ልትጨርሰው አልቻለችም።

ደምለው ዱላውን ጥሎ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ያለም፣ ልጄ።»

ከኋላቸው መሪጌታ እንዳላማው መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። መቼ እንደደረሱ ያየ የለም።

«እናትሽ አልተሻገረችም» አሉ።

«ምን አሉ፣ አባዬ?»

«አልተሻገረችም። መታመምሽ ሲነገራት እዚህች ድንጋይ ላይ ቆማ አለቀሰች። ልሂድ አለች፤ ከለከልኋት። ቃሌን አክብራ ተመለሰች።» «ወንዙን የተሻገርሁት እኔ ነኝ። ከአክስትሽ ከታየች ቤት አንሥቼ አዝዬ ያመጣሁሽ እኔ ነኝ።»

«ጋቢው... ጋቢውን አስታውሳለሁ...»

«የኔ ጋቢ ነው፣ ልጄ።»

ወንዙ ይጮኻል።

«ሕጉን አንዲት ሳታጎድል ጠበቀች» አሉ መሪጌታ። «በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ውሃ ፈራች። መድኃኒቴ አላዳናትም። ያን ጊዜ ጎጆው ውስጥ አራት ሰዎች ተኝተው ነበር፤ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ለለቀስተኛው ምን ልበል? የገዛ ሚስቴን ማዳን አቃተኝ ልበል? "ወንዝ ተሻግራ ነው" አልሁ። አንድ ጊዜ ነው ያልሁት። ከዚያ ወዲያ አገሩ አለው። አንቺም አልሽው። እኔ ዝም አልሁ።»

ያለምወርቅ ቀስ ብላ ተነሣች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «አሥራ አንድ ዓመት... አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እናቴን ስገድል ኖርሁ፣ አባዬ!»

«አውቃለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትሻገሪ በየጊዜው ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ።» ሽማግሌው እንባቸውን አልጠረጉም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህንን ለስንቱ ስናገር ኖሬአለሁ። ይቅር በይኝ።»

ይቅርታው ያን ሰዓት አልመጣላትም። ሊመጣ የሚችል ነገርም አይደለም። መሪጌታም መልስ አልጠበቁም፤ ወደ ደምለው ዞሩ።

«ተነሥ። እኔ አዳንሁት ከሚባለው ሰው የሚበዛው ጤነኛ ውሻ የነከሰው ነው። ያንተው ግን አብዶ ነበር፤ ሬሳውን አይቼዋለሁ። ሰባት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተሻገር።»

«የኔታ፣ ሰው ያይዎታል...»

«ይየኝ።»

ጫማቸውን አወለቁ። መቋሚያቸውን ውሃው ውስጥ ተክለው ፊት ገቡ። በግራ እጃቸው የደምለውን ክንድ ያዙ፤ በሌላው በኩል ያለምወርቅ ያዘችው። ውሃው እስከ ወገብ ደረሰ። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሄደች። ፍርሃቱ አልቀነሰም። ግን ዓይኗን አልጨፈነችም። ጨሞጋን ከዳር እስከ ዳር ያየችው ያን ቀን ነው።

ጤና መኮንኑ አቶ አድማሴ ኮስተር ያሉ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን መርፌ ሆዱ ላይ ሲወጉት ደምለው ጣሪያውን አየ። «ሰው ስትወጋ ትስቅ አልነበር?» አሉት። ያለምወርቅ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አክስቷ እትዬ ታየች ዘንድ ተቀምጣ አሥራ አራቱንም ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። በየጠዋቱ ውሃ በጣሳ ይዛ ነበር የምትሄደው። ከአራተኛው መርፌ በኋላ ሆዱ አብጦ ቁጭ ማለት አቃተው። በዘጠነኛው ቀን አተኮሰው፤ ያን ቀን ጉሮሮው ደርቆ ውሃው ሲያስለው ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ጉንፋን ነበር። ጉንፋን መሆኑን እስክታረጋግጥ ግን ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

አርባኛው ቀን በደብረ ታቦር ዕለት ዋለ። የቡሄ ጅራፍ በየኮረብታው ሲጮህ ደምለው ጨሞጋን ብቻውን ተሻግሮ ወደ መሪጌታ ግቢ መጣ። መንደሩ ተሰብስቦ ጠበቀው። ያለምወርቅ ጣሳውን ሰጠችው። ጣሳውን ወደ ላይ አንሥቶ ሁሉም እያየ ጨለጠው።

እልልታው ቀለጠ። ግማሹ ያዳነው መርፌው ነው አለ፤ ግማሹ ሥሩ ነው ብሎ ተከራከረ። ያን ዕለት ክንዱን የጎሸሙት ባልቴት ግን «ልጅቷ ናት እንጂ!» ብለው ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው። መሪጌታ በክርክሩ አልገቡም። በማግስቱ የሥር መውቀጫቸውን ከጎጆው አውጥተው ገደል ከተቱት።

ያለምወርቅ ደብተሩን ታውቀዋለች፤ አርባ ቀን የወንዙ ሕግ እንጂ የበሽታው ሕግ አይደለም። ደብተሩ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይላል። ለዚህ ነው የፈተናዋ ውጤት ጳጉሜ ላይ መጥቶ አዲስ አበባ ለሕክምና ትምህርት መመደቧ ሲነገራት ያልዘለለችው።

«አልሄድም» አለችው።

«ትሄጃለሽ።»

«ጠዋት ጠዋት ማን ያይሃል? ውሃ እምቢ ቢልህስ?»

«እጽፍልሻለሁ። በየማክሰኞው። መጠጣቴን እነግርሻለሁ።»

«ብትረሳኝስ?»

«አሥራ አራት ጊዜ ሆዴን ተወግቼ እረሳሻለሁ?»

ከመሄዷ በፊት አቶ አድማሴንና ሁለት ሽማግሌዎች ልኮ አስጠየቃት። መሪጌታ «እኔ ለልጄ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ዳግመኛ በሷ ፈንታ አልናገርም። እሷን ጠይቋት» አሉ። ጠየቋት። «ዶክተር ሆኜ እዚሁ እስክመለስ የሚጠብቅ ከሆነ» አለች። አውቶቡሱ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ግን ከፍርሃቷ ብዛት ስሙን እየጠራች አለቀሰች።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲደርሳት መክፈት ፈርታ አንድ ቀን ሙሉ ብብቷ ውስጥ ያዘችው። ስትከፍተው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ አባቷ ጤንነት ይተርካል። መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ «ዛሬም ጠዋት ውሃ ጠጣሁ።»

ሰባት ዓመት ጻፈ። ሦስት ወር አለፈ፤ ዓመት አለፈ፤ አደጋው ፈጽሞ አለፈ። መስመሯ ግን አልቀረችም። በአራተኛው ዓመት ጥር ወር ተጋቡ፤ ከሠርጉ በኋላም ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ደብዳቤው ተከተላት። በዚያው ጥር፣ በሙሽራ ልብሷ፣ አባቷን ጉልበታቸውን ስማ «ይቅር ብዬዎታለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በ1966 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዶክተር ሆና ተመለሰች። ጓደኞቿ አዲስ አበባ ቀሩ፤ «ለምን ራስሽን ትቀብሪያለሽ?» አሏት። መሪጌታ የበሽተኛውን ጎጆ አፍርሰው ቦታውን ሰጥተዋት ነበር። አገሬው እንጨት ተሸክሞ፣ ደምለው ሚስማር መትቶ፣ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ቆመ። ከወንዙ ወዲህ።

ሐምሌ ላይ ወለተ ኪዳን የምትባል ሴት ከደጋው እየሮጠች ወረደች። ክንዷን ውሻ ነክሷታል። በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን መሪጌታን ስታይ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«የኔታ! መድኃኒቱን ይስጡኝ! አርባውን ቀን እጠብቃለሁ፤ ወንዝ አልሻገርም!»

መሪጌታ አነሷት። «መድኃኒቱ ልጄ ጋ ነው። ሚስቴን የገደለው ውሻ ነው እንጂ ወንዝ አይደለም። ግቢ፣ አይዞሽ።»

ያለምወርቅ ቁስሉን በሳሙና አጠበች። ክትባቱ ግን የለም። ደምለው ያለቀውን ሊተካ፣ በረዶ በሞላው ፔርሙዝ ሊያመጣ ጠዋት ወደ ማርቆስ ተሻግሯል፤ ከሄደ በኋላ ከላይ ዝናብ ወርዶ ጨሞጋ ሞላ። ሴትየዋን አረጋግታ ወደ ወንዙ ወረደች። ጭቃው ውሃ ግንድ ይገፋል። ሰባት ዓመት ተምራ፣ ስንት ሰው አድና፣ ይህን ወንዝ መፍራት አልተወችም። ከዚያ ማዶ ደምለው ፔርሙዙን በሻሽ ጭንቅላቱ ላይ አስሮ ሲገባ አየች። አንድ ጊዜ እስከ አንገቱ ጠለቀ። ጮኸች። ወጣ። ደግሞ ጠለቀ።

ዓይኗን ሳትጨፍን ጠበቀችው።

ሲደርስ አላቀፈችውም፤ ፔርሙዙን ተቀብላ ሮጠች። በረዶው ገና አልቀለጠም። ለወለተ ኪዳን የመጀመሪያውን መርፌ ወጋቻት፤ ቀጥ ባለ እጅ፣ ሳትንቀጠቀጥ። ሴትየዋ ስትረጋጋ ወደ በሩ ወጣች። ደምለው ከመሪጌታ አጠገብ ተቀምጦ ከልብሱ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል።

ጣሳውን ሞልታ ሰጠችው።

«አሁን እንኳ? ወንዙን ሙሉ ጠጥቼው መጣሁ እኮ!» አላት እየሳቀ።

«ጠጣ» አለችው።

ዓይን ዓይኗን እያየ ጠጣ። ሁለቱም እኩል ተነፈሱ።